የጋፋት ቃላትና ከእልቂት ያመለጡት ምሁር

በደብረ ታቦር አጠገብ የምትገኘው ጋፋት የዐፄ ቴዎድሮስ የመድፍ መሥሪያ እንደ ነበረች የታወቀ ነው። «ሴባስቶፖል» የተባለው ታላቅ መድፍ በዚያ ተሠርቶ እስከ መቅደላ ድረስ በሰው ጉልበት ተጎትቷል። በጋፋት ከሠሩት የውጭ አገር ባለሙያዎች አንዱ፣ መድፍ አቅላጩ ሞሪትስ ሆል፣ በፖላንድ ከተማ በክራኮው የተወለደ የአይሁድ ተወላጅ ነበር። ይሁንና ጋፋት ከመድፉ ዘመን አስቀድሞ የአንድ ሕዝብና የአንድ ቋንቋ ስም እንደ ነበረ የሚያስታውሰው ሰው ጥቂት ነው።

ጋፋትኛ ከጉራጌ ቋንቋዎች ጋር የሚዛመድ፣ በዐባይ ወንዝ አካባቢ ይነገር የነበረ የሴም ቋንቋ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያን የጎበኘው ጄምስ ብሩስ መኃልየ መኃልይ ወደ ጋፋትኛ ተተርጉሞ እንዲጻፍለት አደረገ። ጽሑፉ በኦክስፎርድ የቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። በ1840ዎቹ መጀመሪያ ቻርልስ ቢክ የተባለ እንግሊዛዊ ቃላት ሊሰበስብ ሲነሣ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ያገኘው በብዙ ድካም ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ መቶ ዓመት ያህል አለፈ።

ይህን ቋንቋ ፈልገው በ1947 እ.ኤ.አ. ወደ አካባቢው የመጡት ዎልፍ ሌስላውም እንደ ሆል ሁሉ በፖላንድ የተወለዱ አይሁዳዊ ነበሩ። በ1906 እ.ኤ.አ. ከድኻ ቤተሰብ ተወልደው ገና በልጅነታቸው ወላጆቻቸውን አጡ። የፖላንድ ዜግነታቸውን ትተው በመጀመሪያ በቪየና፣ ከዚያም በፓሪስ ከኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሊቅ ከማርሴል ኮኸን ዘንድ ተማሩ። ጦርነቱ ሲነሣ የፈረንሳይ ፖሊስ ያዛቸው። ከ1939 እስከ 1940 እ.ኤ.አ. የነበረውን የብርድ ወራት ከሚስታቸውና ከልጃቸው ጋር በፒሬኔ ተራሮች አካባቢ በአንድ የእስረኞች ሰፈር አሳለፉ፤ ቀጥሎም ሌ ሚል ወደሚባለው ሰፈር ተዛወሩ። በአንድ ዓለም አቀፍ የርዳታ ማኅበር አማካይነት ቤተሰባቸውን ይዘው አምልጠው አሜሪካ ገቡ። በ1942 እ.ኤ.አ. ከዚያው ከሌ ሚል ሁለት ሺሕ ያህል አይሁድ ወደ አውሽዊትዝ የሞት ሰፈር ተጋዙ። ከጦርነቱ በፊት በፖላንድ ይኖሩ ከነበሩት 3.3 ሚሊዮን ያህል አይሁድ መካከል 3 ሚሊዮን የሚሆኑትን ናዚዎች ፈጇቸው።

እንዲህ ካለው እልቂት የተረፈ ሰው ቀሪ ዕድሜውን በምን ላይ ያውለው ይሆን? ሌስላው የመረጡት የሌሎችን ሕዝቦች ቃል መሰብሰብን ነው። በ1945 እ.ኤ.አ. የቦድሊያኑን የጋፋትኛ ጽሑፍ መርምረው አሳተሙ። በዚህ ብቻ ሳይወሰኑ የቋንቋውን ተናጋሪዎች ፍለጋ መጡ። ከብዙ ጥረት በኋላ ያገኟቸው አራት ሰዎችን ብቻ ነበር። ከእነዚህ ከአራቱ አንደበት የሰሙትን መሠረት በማድረግ በ1956 እ.ኤ.አ. ስለ ጋፋትኛ ሰፊ ጥናት በፈረንሳይኛ አወጡ። ቋንቋው ብዙም ሳይቆይ ጠፋ።

የሁለቱን ጥፋት አንድ አድርጎ ማየት ስሕተት ይሆናል። የአይሁድ እልቂት በመንግሥት ትእዛዝ፣ በባቡርና በመርዝ ጋዝ የተፈጸመ ግድያ ነው። ጋፋትኛ ግን የሞተው ልጆች በሌላ ቋንቋ እየተናገሩ ስላደጉ፣ ትውልድ በትውልድ ሲተካ በዝግታ ነው። ነገር ግን በሁለቱም ዘንድ የመጨረሻው ምስክር ዝም ካለ በኋላ የሚመለስ ነገር የለም። ሌስላው ይህን ከሕይወታቸው የተማሩት ይመስለኛል።

የጎንደር አውራጃዎች ነዋሪ ስለ ነበሩት ስለ ቤተ እስራኤልም ሠርተዋል። በ1951 እ.ኤ.አ. «ትእዛዘ ሰንበት»ን የመሳሰሉ የግእዝ መጻሕፍታቸውን ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመው አሳተሙ። በዚያን ጊዜ መጻሕፍቱን የሚያነቡ ካህናት በየመንደራቸው ነበሩ። ከ1984 እስከ 1985 እ.ኤ.አ. እና በግንቦት 1983 ዓ.ም. አብዛኛው ቤተ እስራኤል ወደ እስራኤል ሄደ፤ በሁለተኛው ጉዞ ብቻ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ተጓጓዘ። አንጥረኛው፣ ሸማኔውና ሸክላ ሠሪዋ ከመንደራቸው ሲለዩ የተጻፈው ነገር ዋጋው ይበልጥ ከፍ አለ።

ሌስላው በሎስ አንጀለስ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት አስተምረዋል። የአማርኛ፣ የጉራጌኛና የግእዝ መዝገበ ቃላት አዘጋጅተዋል፤ በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ ጥናት የሚሰጠውን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ተቀብለዋል። በ2006 እ.ኤ.አ. በመቶ ዓመት ዕድሜያቸው ዐረፉ። መዝገበ ቃላት የአዘጋጁን ስደት አይተርክም። ሆኖም ገጾቹን የሚገልጥ መምህር፣ አገር ያጣ ሰው ለሌሎች አገር ቃላት ያደረገውን ጥበቃ ያነባል።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ምንድን ነው? ብሩስ፣ ቢክና ሌስላው ሁሉም ከሩቅ የመጡ ናቸው። አራቱ ተናጋሪዎች ግን በጎረቤቶቻቸው መካከል ይኖሩ ነበር፤ ቃላቸውን ለመጻፍ ባሕር መሻገር የማያስፈልገው ሰው አጠገባቸው ነበረ። ከደብረ ታቦር እስከ አንበሳሜ በየትምህርት ቤቱ ያለ መምህር፣ የሸማኔውን፣ የቀጥቃጩንና የገበሬውን የሙያ ቃል፣ የሽማግሌውንም ትዝታ ተማሪዎቹን ይዞ ቢመዘግብ፣ ወደፊት ፈላጊ ሲመጣ አራት ሰው ብቻ ፍለጋ አይንከራተትም። ሥራው የሚጠይቀው ደብተር፣ እርሳስና ትዕግሥት ነው። ጊዜው ግን አይጠብቅም።