ከመተማ የወጣ ወረቀት

የትምህርት ዘመኑ ማለቂያ ሲቃረብ የተማሪዎች ዓመታዊ የምርምር ጉባኤ ማዘጋጀት የብዙ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ልማድ ሆኗል። በአዳራሹ በር ላይ ባነር ይሰቀላል። ተመራቂው ክራቫቱን አስሮ፣ ወራት የለፋበትን ጥናት በአሥራ አምስት ደቂቃ አሳጥሮ ያቀርባል። ሁለት ሦስት ጥያቄ ይቀርብለታል፤ ሰርተፊኬቱን ይቀበላል፤ ከዚያ ሻይ ነው። ነገሩ አዲስ ይምሰል እንጂ ከሰባ ዓመት በላይ የዘለቀ ታሪክ አለው። ታሪኩን ማንሳቴ ለትዝታ አይደለም፤ በመንገድ ላይ ጥለነው የመጣነው ነገር ስላለ ነው።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ተከፈተ። ብዙም ሳይቆይ ተማሪዎቹ የኢትኖሎጂ ማኅበር የሚባል ነገር አቋቋሙ። ዋናው አንቀሳቃሽ የፖላንድ ተወላጁ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ስታኒስላው ሆይናትስኪ ነበሩ። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው፤ ተማሪው ስለሚያውቀው አገር ሠርግና ለቅሶ፣ እርሻና ገበያ ይጠይቃል፣ ይጽፋል። ማኅበሩ እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ እነዚህን ጽሑፎች በእንግሊዝኛ መጽሔት አድርጎ አሥር ቁጥር አወጣ። ከአርባ ዓመት በኋላም አሉላ ፓንክረስት ሰብስበው እንደገና አሳትመዋቸዋል።

እኔ የሥነ ጽሑፍ ሰው ነኝና አንድ ነገር ይገርመኛል። ስለዚያ ዘመን ተማሪ ሲወራ ቶሎ የሚነሳው የኮሌጅ ቀን ነው፤ በንጉሡ ፊት የተነበቡት ግጥሞች ያስነሱት አቧራ ነው። የኢትኖሎጂ ማኅበሩን ስም የሚጠራ ግን የለም ማለት ይቻላል። ምን ይደረግ፣ ግጥም አፍ አለው፤ ጥናት ያለው መደርደሪያ ብቻ ነው። ሁለቱም ግን የሚናገሩት ስለዚያው ስለ ባላገሩ ነበር። አንዱ ጮኸለት፤ ሌላው ቁጭ ብሎ ኑሮውን ጠየቀው።

በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ተመሠረተ። በ1957 ዓ.ም. ደግሞ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተጀመረና ተማሪው አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርዶ፣ አብዛኛውን ጊዜ በአስተማሪነት፣ ማገልገል ግዴታው ሆነ። ከዚያ በኋላ የመመረቂያ ጽሑፍ እየተስፋፋ ሄደ። ጥቅሙ ብዙ ነው። ነገር ግን በፍላጎት ይጻፍ የነበረው ወረቀት የዲግሪ ማሟያ ሲሆን አንባቢውም ተለወጠ። ከእንግዲህ ጽሑፉን የሚጠብቀው ውጤት የሚሰጠው መምህር ነው።

ጎንደር ላይ ነገሩ በሌላ መንገድ ተጀመረ። በ1940ዎቹ አጋማሽ ደምቢያ ላይ የተነሳው ወባ ብዙ ሺህ ሰው ፈጀ። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት የዚያ እልቂት ጥላ ነበረበት። የጤና መኮንኑ፣ ነርሷና የሳኒቴሪያኑ ተማሪ በቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ ይወጣሉ፤ የምንጩን ንጽሕና ያያሉ፤ ቤት ለቤት እየዞሩ በሽተኛውን ይመዘግባሉ። እዚህ የተጠየቀውና የሚታከመው አንድ ሰው ነው። ወረቀቱ ከሰውዬው ደጅ ርቆ አይሄድም ነበር። ኮሌጁ አድጎ በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆኗል።

ለመተማ ቅርቡ ዩኒቨርሲቲ ይኸው የጎንደሩ ነው። መተማን አብዛኞቻችን የምናውቃት በመጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው፤ አፄ ዮሐንስ ከቆሰሉበት ቀን። ይሁንና ቆላው ሌላም ታሪክ አለው። ክረምቱ ሲገባ ለሰሊጥና ለጥጥ አረም፣ በኋላም ለአጨዳ፣ ከደጋው በብዙ አሥር ሺዎች የሚቆጠር የቀን ሠራተኛ ይወርዳል። የሚያድረው ሜዳ ላይ ነው፤ ከግራር ሥር፣ በተሰነጣጠቀው ጥቁር አፈር ላይ። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብም የምትኖረው እዚያው ነው። ካላዛር ካልታከመ ይገድላል።

እንግዲህ ወደ 1997 ዓ.ም. እንምጣ። በሊቦ ከምከም፣ በአዲስ ዘመን ከተማ ዙሪያ፣ ሰው በትኩሳት ከሳ፣ ሞተ። መጀመሪያ የተጠረጠረው መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነበር። ግንቦት ላይ ተመርምሮ ካላዛር መሆኑ ታወቀ። ቆላ ወርደው የማያውቁ ሕፃናት ሳይቀሩ ታመዋል። ተመራማሪዎች የገመቱት በሽታውን ከመተማና ከሁመራ የተመለሱ ሠራተኞች ሳያውቁት ይዘውት መጥተዋል ብለው ነው። በሽታው በቆላው ለአሥርታት የታወቀ ነበር፤ ደጋው ግን አላወቀውም። ሠራተኛው በየዓመቱ ይመላለሳል፣ በሽታውም አብሮት ይመላለሳል፣ ዕውቀቱ ግን ባለበት ቀርቷል።

ዛሬ ጎንደር የካላዛር ምርምርና ሕክምና ማዕከል አላት። ስለ ቆላው የሚጽፉ ተማሪዎችም አልጠፉም። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ጉባኤ ላይ አንዲት ተማሪ ስለ ሰሊጥ ሠራተኞች ማደሪያ ያጠናችውን ስታቀርብ ሰምቻለሁ። ግሩም ሥራ ነበር። ከመድረኩ የመጣው ጥያቄ ግን «የናሙናው ቁጥር ለምን አነሰ?» የሚል ነው። «ያገኘሽውን ለሠራተኞቹ ነገርሻቸው ወይ?» ያለ አልነበረም። እሷም ብትሆን የሚነገርበት መድረክ ማን ሰጣት?

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ነገሩ ከብዷል። በዚያ ዓመት ሚያዝያ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው በመተማ በኩል ገባ። ወራት ሳይቆይ የአማራ ክልልም በራሱ ጦርነት ተያዘ። በእንዲህ ያለ ጊዜ መጠይቅ ይዞ ቆላ መውረድ ለተማሪ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ እስከ ዛሬ የተጻፈው ወረቀት ዋጋው ከፍ ይላል፤ መደርደሪያ ላይ መተኛቱም የባሰ ያስቆጫል።

መንገዱ ሰላም ሲሆን ጉባኤው አንዱን ቀን ገንዳ ውኃ ላይ ቢውልስ? በእንግሊዝኛ ሳይሆን በአማርኛ፤ ገበሬው፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና የቀን ሠራተኛው ባሉበት። እስከዚያው ድረስ ግን እያንዳንዱ ጥናት በአማርኛ ሁለት ገጽ ይውጣለትና ሠራተኛው ለሚሄድበትም ለሚመለስበትም ወረዳ ጤና ጣቢያ ይላክ። ወጪው ጥቂት ደስጣ ወረቀት ነው። «ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ሆዱ በግራ በኩል ካበጠ፣ ሰውዬውም ከቆላ የተመለሰ ከሆነ፣ ወባ ነው ብላችሁ አትለፉት» የሚል አንድ ገጽ ከ1997 ዓ.ም. በፊት አዲስ ዘመን ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ቢሆን ኖሮ፣ ሰዉ እስከ ግንቦት የበሽታውን ስም ባልጠበቀ ነበር።