ከብቱ ሳይሞት የደረሰ እርዳታ

የነገሌ ቦረና ስም በታሪክ የሚነሣው በጥር 1966 ዓ.ም. በዚያ የሰፈረው ጦር በምግብና በውሃ ችግር ተማርሮ በማመፁ ነው። ሊያረጋጉ የተላኩትን ጄኔራል ወታደሮቹ ይዘው የራሳቸውን ምግብና ውሃ አቀመሷቸው። በዚያው ዘመን ከጦር ሰፈሩ ውጭ ያለው የቦረና አርብቶ አደርም በድርቅ ከብቱ እያለቀበት ነበር። የእሱን እሮሮ የሰማው ግን ጥቂት ነው። በዚሁ በ1966 የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ሲቋቋም የሁሉም ዓይን ያረፈው ወሎና ትግራይ ላይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እርዳታ ማለት በአመዛኙ እህል ሆነ። እህል ነፍስ ያድናል፤ ይህ አይካድም። ለቦረና ሰው ግን ከብት ምግቡም ጥሪቱም ክብሩም ነው። ድርቅ ሲገባ ከብቱ ይከሳል፣ ዋጋው ይወርዳል፤ የእህል ዋጋ ደግሞ ይንራል። ስንዴው ጥገቷ ከሞተች በኋላ ከደረሰ፣ ዝናቡ ቢመለስም ቤተሰቡ ኑሮውን የሚጀምርበት ነገር አይኖረውም።

በ1998 ዓ.ም. ሞያሌ ላይ ሌላ መንገድ ተሞከረ። ግብርና ሚኒስቴርና ሴቭ ዘ ችልድረን የከብት ነጋዴዎችን ወደ አካባቢው ጋበዙ፤ ለሁለት ነጋዴዎችም ለእያንዳንዳቸው 25 ሺህ ዶላር ብድር ተሰጠ። ወደ 20 ሺህ ከብት ተገዛ፤ ከ5 ሺህ 400 በላይ ቤተሰቦች በድምሩ 1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እጃቸው ገባ። በገንዘቡ እህል ሸመቱ፣ ለቀሩት ከብቶች መኖና መድኃኒት ገዙ፣ አንዳንዶቹም ከብታቸውን በመኪና ጭነው ግጦሽ ወዳለበት አሻገሩ። በኋላ የተደረገ ጥናት ለሥራው የወጣው እያንዳንዱ ብር 41 ብር ጥቅም እንዳስገኘ አሳየ። ተረጂው ሰልፍ ይዞ ራሽን አልጠበቀም፤ ሻጭ ሆኖ ገበያ ወጣ። ለእኔ ከቁጥሩ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው።

ቦረናዎች እርዳታ ከእህል በላይ መሆን እንዳለበት ከጥንትም ያውቃሉ። በቡሳ ጎኖፋ ሥርዓት ከብቱ ላለቀበት ሰው ጎሳው የሚሰጠው የሚረባ ከብት ነው። ድርቁ የሰጪውንም በረት ባዶ ሲያደርግ ግን ሥርዓቱ አቅም ያጣል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት ዝናብ በተከታታይ ሲቀር የሆነው ይኸው ነው። በቦረና ዞን ከ3 ሚሊዮን በላይ እንስሳት ማለቃቸው ተነገረ፤ ከብት አልባ የሆኑ ቤተሰቦች ዱብሉቅ መጠለያ ገቡ። ሕዝቡ ከየአቅጣጫው እህልና ድርቆሽ ጭኖ ደረሰ፤ ልግስናው የሚያኮራ ነበር። አብዛኛው የደረሰው ግን ከብቱ ካለቀ በኋላ ነው።

የእርዳታ በጀት የምትይዙ ሁሉ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ሲቀር ገንዘቡን ልቀቁ፤ ከእህል መኪናው በፊት የከብት ገዢው ያቤሎና ሞያሌ ገበያ ይድረስ።