ያልገባችው ጎል

ቀራንዮ ውስጥ ባዶ ቦታ በተገኘበት ሁሉ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ሁለት ድንጋይ ጎል ይሆናል፣ ቡድን ይከፈላል፤ ከዚያ ጭቅጭቁ ይጀመራል። «እኔ አጥቂ ነኝ!» የማይል የለም። ተከላካይ የሚኮነው ተለምኖ ወይም ተገፍቶ ነው። እኛ ትልልቆቹም ያው ነን። ቡና ቤት ተቀምጠን የ1954ቱን የአፍሪካ ዋንጫ ስናነሣ መንግሥቱ ወርቁ፣ ኢታሎ፣ ሉቻኖ እንላለን። ክፍሎም አርአያን ወይም አዋድ መሐመድን የሚጠራ ሽማግሌ ካገኛችሁ ግን ሻይ ጋብዙት፤ ኳስ ያውቃል።

እርግጥ ያ ዋንጫ በጎል ብዛት የተገኘ ነው። ቱኒዚያን 4 ለ 2፣ በፍጻሜውም ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2። ሁለት ቢገባብን አራት እናገባ ነበር። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ የመጣው ቡድን እንዲህ ያለ ሀብት አልነበረውም። አምበሉም አጥቂ ሳይሆን የቅዱስ ጊዮርጊሱ የመሀል ተከላካይ ደጉ ደበበ ነበር። መቼም ስም ከግብር ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም፤ የመሀል ተከላካይ ለአጥቂ ደግ ከሆነ ሥራውን ለቅቋል ማለት ነው።

እስቲ ሂሳቡን እንየው። በ2004 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከቤኒን ጋር 0 ለ 0 ተለያየን። አሰልቺ ውጤት ነው ያለ ተመልካች ቢኖር አልፈርድበትም። ኮቶኑ ላይ 1 ለ 1 ሲሆን ግን ያቺ ባዶ ለባዶ ወርቅ ሆነች፤ በሰው ሜዳ የገባ ጎል አሳልፎናልና። ቀጥሎ ሱዳን ካርቱም ላይ 5 ለ 3 ረታን። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. በመልሱ አዳነ ግርማና ሳላሃዲን ሰኢድ አገቡ፤ 2 ለ 0። ድምሩ 5 ለ 5፣ ዳኛው አሁንም በሰው ሜዳ የገባው ጎል። በዚያ ቀን ሱዳን አንዲት ጎል አግኝታ ጨዋታው 2 ለ 1 ቢያልቅ ኖሮ ደቡብ አፍሪካ የምትሄደው እሷ ነበረች። ከተማው የጨፈረው ስለገቡት ሁለት ጎሎች ነው። ስላልገባችው ጎል ማን ይጨፍራል?

ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ የበቃንበት የመጀመሪያ ጨዋታ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ዋለ። የ1954ቱን ዋንጫ ያነሣነውም ጥር 13 ቀን ነበር፤ ልክ 51 ዓመት! ተጋጣሚያችን የዋንጫው ባለቤት ዛምቢያ ነች። ሳላሃዲን ሪጎሬ ሳተ፣ በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፣ ከዕረፍት በፊት ጎል ገባብን። ሁለተኛውን አጋማሽ በሙሉ በ10 ሰው ተጫውተን አንድም ሳይገባብን 1 ለ 1 ወጣን። አዳነ ያገባት ጎል በሁሉም ዘንድ ትታወሳለች። እነ ደጉ ያሳለፏቸውን 45 ደቂቃዎች ግን ተረኩልኝ ብትሉ ምን ብዬ ልተርክ? ኳስ መጣች፣ ተመለሰች። ደግሞ መጣች፣ ደግሞ ተመለሰች።

የቡርኪና ፋሶውን 4 ለ 0 ማንም አይረሳውም። ናይጄሪያን እስከ 80ኛው ደቂቃ ድረስ ባዶ እጇን አቆይተን በሁለት ሪጎሬ 2 ለ 0 ተሸነፍን፤ ሲወራ የሚሰማው 2 ለ 0ው ብቻ ነው።

በዓመቱ፣ ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ለዓለም ዋንጫ ለማለፍ ያችው ናይጄሪያ አዲስ አበባ መጣች። በኃይሉ አሰፋ አስቀድሞ አገባ። ኢማኑኤል ኢሜኒኬ አቻ አደረገ። 90ኛው ደቂቃ ላይ ዳኛው ወደ ነጭዋ ነጥብ አመለከተ፤ መቺው ኢሜኒኬ ነበር።