ማንኪያ መሳይ የዓሣ ማባበያ
ብረት፣ ባለሦስት ጫፍ መንጠቆ

የሻይ ማንኪያ አይደለም፤ የማንኪያ ዘመድ ግን ነው። አሜሪካዊው ጁሊዮ ቡዌል ማንኪያው ሐይቅ ውስጥ ወድቆበት ዓሣ ሲቀልበው አይቶ ሐሳቡን አገኘው ይባላል፤ በ1852 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት አስመዝግቦበታል። ሲጎተት እየተወዛወዘ ያብረቀርቃል፤ የቆሰለች ትንሽ ዓሣ ይመስላል። ለጀማሪ የሚመችም ለዚህ ነው፤ ወርውሮ ክሩን ቀስ ብሎ መጠቅለል በቂ ነው።

የትኛውን እንምረጥ? መልሱ ከውሃው ይጀምራል።  ዛሬ በአዲስ አበባው ቀበና ወንዝ ላይ መንጠቆ የሚወረውር ሰው ትርፉ ፌስታል ነው። ወደ ጣና ሐይቅ የዘለቀ ግን ዕድለኛ ነው። በሐይቁ ካሉት 15 የነጭ ዓሣ (ላቤዮባርበስ) ዝርያዎች 8ቱ ሌላ ዓሣ አድነው ይበላሉ። የሚገርመው፣ መንጋጋቸው ጥርስ የለውም፤ ጥርሳቸው ያለው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። ሰፊ ነገር ጉሮሯቸው ስለማያሳልፍ ትንሽና ቀጭን ማንኪያ ይሻላል። ለጫሞ ሐይቅ ናይል ፐርች ግን ይህች መክሰስ እንኳ አትሆንም፤ ከ100 ኪሎ በላይ ሊደርስ ለሚችል ዓሣ ትልቁን ይያዙ። ቀለሙን በተመለከተ፣ ጥርት ላለ ውሃ ብርማ፣ ለደፈረሰ ደግሞ ወርቅማ ወይም ደማቅ ቢጫ ይመረጣል።

የመንጠቆው ጫፎች አሁንም ስለታም ናቸው፤ እባክዎ በእጅ አይንኩ።