የነርቭ ጉዳት ያለባቸው ሕፃናት አመጋገብና ዕድገት በአዋሽና በሰመራ

ሴሬብራል ፓልሲ፣ ከባድ የሚጥል በሽታ፣ ወይም በወሊድ ጊዜ በመታፈን ወይም በማጅራት ገትር የመጣ የአንጎል ጉዳት ያለበት ሕፃን ብዙውን ጊዜ ከእኩዮቹ ይከሳል፤ ቁመቱም ያጥራል። ክሳቱን የበሽታው ጠባይ አድርጎ መቀበል የተለመደ ነው። ዋናው ምክንያት ግን አብዛኛውን ጊዜ ልጁ የሚበቃውን ያህል አለመዋጡ ነው። የአፍና የጉሮሮ ጡንቻዎች አልታዘዝ ሲሉ ማኘክም መዋጥም ይከብዳል፤ ምግቡ ወደ አየር ቧንቧ እየገባ ትንታና የሳንባ ምች ያመጣል፤ ማስመለስና የሆድ ድርቀት ይጨመሩበታል። ልጁ ራበኝ ወይም ጠማኝ ማለት አይችልም። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍባት ሰመራ ደግሞ ጥሙ ከረሃቡ ቀድሞ ይጎዳዋል። እንደ ፌኖባርቢታል ያሉ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ቫይታሚን ዲ ስለሚቀንሱ፣ ፀሐይ በሞላበት አገር ዳቦይታ ከሚባለው የአፋር ጎጆ ጥላ የማይወጣ ልጅ አጥንቱ ሊሳሳ ይችላል።

አዋሽና ሰመራ በሚገኙበት በአፋር ክልል ይህ ችግር በሰፊው የምግብ እጥረት ውስጥ ይሸሸጋል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በክልሉ ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 41 በመቶው የቀነጨሩ፣ 18 በመቶው የቀጨጩ ነበሩ፤ የአገሪቱ አኃዝ 38 እና 10 በመቶ ነበር። የምግብ እጥረት ልየታ ዋና መሣሪያ የክንድ መለኪያ ነው፤ ከ6 እስከ 59 ወር ያለ ሕፃን ክንዱ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ከፍተኛ የምግብ እጥረት እንዳለበት ይቆጠራል። ብዙ ሕይወት ያተረፈ አሠራር ነው፤ ሆኖም መዋጥ ያቃተው ልጅ 5 ዓመት ሲሞላው ችግሩ አብሮት ይቀጥላል፣ ልየታው ግን እዚያው ይቀራል። ቁመቱም ቢሆን እግሩ ከተኮማተረ አስተኝቶ መለካት ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የአውሮፓ የሕፃናት ጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ከጉልበት እስከ ተረከዝ ያለውን ወይም የቅልጥም አጥንትን ርዝመት መለካትን፣ ከቆዳ ሥር ያለውን ስብ ማየትንም ይመክራል። ለዚህ ቀላል መለኪያና የሠለጠነ እጅ እንጂ ውድ ማሽን አያስፈልግም።

አመጋገቡም እንደዚሁ ውድ ነገር አይጠይቅም። አንዱ እሽግ 92 ግራም ሆኖ 500 ካሎሪ የሚሰጠው የምግብ እጥረት ማከሚያ ፕለምፒ ነት አፍ ውስጥ ስለሚጣበቅ መዋጥ ለሚቸግረው ልጅ ፈተና ነው። የአርብቶ አደሩ ዋና ምግብ የሆነው ወተት ደግሞ ቀጭን በመሆኑ በፍጥነት ወርዶ ትን ሊያሰኝ ይችላል። ቅቤ የገባበት፣ ጓል የሌለው፣ በወተት የተሠራ ለስላሳ ገንፎ፣ ልጁን ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ሳይወድቅ ቀና አድርጎ አስቀምጦ በትንሽ በትንሹ ማብላት የሁለቱንም ችግር ያቃልላል። ማብላቱ በቀን ከ3 ሰዓት በላይ የሚፈጅ ከሆነ መመሪያው በቱቦ መመገብን ማሰብ ተገቢ ነው ይላል። በአፍንጫ የሚገባው ቱቦ ከፍተኛ የምግብ እጥረት ያለባቸው ሕፃናት በሚታከሙባቸው ማረጋጊያ ማዕከላት የታወቀ ነው፤ በሆድ በኩል የሚገባው ግን ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል፣ ከሰመራ አዲስ አበባ ደግሞ ሩቅ ነው።

«እነዚህ ልጆች በተፈጥሯቸው ትንሽ ናቸው» የሚለው ተቃውሞ ከፊል እውነት አለው፤ አለመንቀሳቀስ ብቻውን ዕድገትን ይገታል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ፣ ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸውን ከ25,000 የሚበልጡ የካሊፎርኒያ ልጆች መረጃ ያካተተ ጥናት፣ ተመሳሳይ የአካል ጉዳት ካላቸው መካከል እንኳ እጅግ የከሱት ይበልጥ እንደሚሞቱ አሳይቷል። የማይንቀሳቀስ ልጅ ጉልበት ስለማያወጣ በቱቦ ከመጠን በላይ መወፈሩም እውነተኛ ስጋት ነው፤ መፍትሔው በየጊዜው መመዘን ነው። «ጤነኛው በሚራብበት ለእነዚህ ቅድሚያ ይሰጥ?» ለሚለው ደግሞ፣ የተጠየቀው ቅድሚያ ሳይሆን ያለውን ምግብ የሚዋጥ አድርጎ መስጠት ነው። ልጁ ሲበላ ያላየ ባለሙያ፣ በአዋሽም ሆነ በሰመራ፣ ክሳቱን «ከበሽታው ነው» ብሎ እናቱን መመለስ የለበትም።