መዝገቡ የያዘውና የተወው

ዛሬ አንድ የፊልም ታሪክ ተማሪ ከቤተ መጻሕፍት የመረጃ ቋት ገብቶ የአንዲት የድምፅ አልባ ፊልም ተዋናይት ስም ቢጽፍ፣ ስሟ የተጠቀሰባቸው የ«ቫራይቲ»ና የ«ቢልቦርድ» ገጾች በጥቂት ሰከንዶች ይደረደሩለታል። ከሃምሳ ዓመት በፊት ይህ ሥራ የማይክሮፊልም ጥቅል እያሽከረከሩ፣ ዓይን እስኪፈዝ ድረስ ገጽ በገጽ መፈተሽን ይጠይቅ ነበር። ፍጥነቱ ትልቅ በረከት መሆኑን መካድ አይቻልም። ሆኖም አብሮት አንድ ስሕተት ሥር እየሰደደ ነው፤ ቋቱ ያቀረበው የዘመኑ ሙሉ መልክ እንደሆነ፣ ያላቀረበው ደግሞ እንዳልነበረ መቁጠር። በእኔ እምነት የመዝናኛው ዓለም ጋዜጦች የሚፈለጉበት መንገድ የራሱ ታሪክ አለው፤ ዛሬ የምናገኘውንና የምናጣውን የወሰነውም ያ ታሪክ ነው። ማን አሳተመው፣ ማን ቆርጦ አስቀመጠው፣ ማን ጣለው፣ ሕግስ ምን አስወጣው የሚሉትን ሳያውቁ ከቋቱ ውጤት ላይ ታሪክ መጻፍ ምስክሩን ሳይመረምሩ ፍርድ እንደ መስጠት ነው። (በሌላ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ወንፊት ራሳቸው ጋዜጦቹ ናቸው። «ቢልቦርድ» በ1894 በሲንሲናቲ ሲጀመር የሙዚቃ መጽሔት አልነበረም፤ አንባቢዎቹ በየግድግዳው የማስታወቂያ ወረቀት የሚለጥፉ ባለሙያዎች ነበሩ። የሰርከስ፣ የባዛርና የመድረክ ወሬ ቀስ በቀስ ተጨመረበት፤ በሙዚቃው ዓለም ዛሬም የሚጠቀሰው የመቶ ዘፈኖች ሰንጠረዡ የተጀመረው በ1958 ነው። «ቫራይቲ»ን በ1905 መጨረሻ በኒውዮርክ የመሠረተው ሲም ሲልቨርማን፣ ቀድሞ ከሚሠራበት ጋዜጣ የተባረረው ማስታወቂያ የሚያወጣን ባለሙያ በሰላ ሂስ ስላስቀየመ እንደሆነ ይነገራል። ታሪኩ የዚህን ዓይነት ጋዜጣ ዋና ችግር ያሳያል፤ የሚተቸው ሰውና የሚከፍለው ሰው አንድ ነበሩ። በ1930 በዊሊያም ዊልከርሰን የተቋቋመው «ሆሊውድ ሪፖርተር»ም ከስቱዲዮዎች ደጃፍ ሆኖ፣ በስቱዲዮዎች ማስታወቂያ እየኖረ፣ ስለ ስቱዲዮዎች የሚጽፍ ዕለታዊ ጋዜጣ ነበር። እነዚህ ሁሉ ለንግዱ ባለቤቶች የተጻፉ የሙያ ጋዜጦች ናቸው። የትኬት ገቢ፣ የውል ፊርማና የአዳራሽ ኪራይ በዝርዝር ይገኝባቸዋል፤ ተመልካቹ ምን እንደተሰማው፣ መጋረጃ ሳቢው ምን እንደተከፈለው ግን የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። ኮምፒዩተር ከመፈልሰፉ ብዙ ቀደም ብሎ፣ በቋቱ ምን እንደሚገኝ በከፊል ተወስኖ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው ወንፊት የሰው እጅና መቀስ ነው። የቶሊዶው ጋዜጣ አዘጋጅ ሮቢንሰን ሎክ ዕድሜውን ሙሉ ስለ ተዋንያን የተጻፈውን እየቆረጠ በደብተር ሲለጥፍ ኖረ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩት ጥራዞቹም ከሞቱ በኋላ የኒውዮርክ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሀብት ሆኑ። በየጋዜጣው ዝግጅት ክፍልም ቁራጮችን በስም ፖስታ የሚያስቀምጡ ሠራተኞች ነበሩ፤ በቤቨርሊ ሂልስ የሚገኘው የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ ቤተ መጻሕፍትም በዚሁ ልማድ ከፍተኛ የቁራጭ ክምችት አፍርቷል። ለአጠቃላይ መጽሔቶች የዊልሰን ድርጅት ከ1901 ጀምሮ በርዕሰ ጉዳይ የተደራጀ ጠቋሚ ያወጣ ነበር። ለፊልም ግን ትልቁ ሙከራ የመጣው ከኢኮኖሚው ድቀት ነው፤ የአሜሪካ መንግሥት ሥራ ላጡ ጸሐፊዎች በከፈተው መርሐ ግብር በኒውዮርክ የተሰበሰቡ ሠራተኞች ስለ ፊልም የተጻፉ መጻሕፍትንና የመጽሔት ጽሑፎችን እያነበቡ፣ እያንዳንዱን በአጭር ማብራሪያ መዘገቡ። የድካማቸው የመጀመሪያ ጥራዝ በ1941 ታተመ፤ ቀሪዎቹ ሁለቱ ጥራዞች ብርሃን ያዩት በ1985 ነው።

የዚህ የእጅ ዘመን ድካም ዛሬ እንደ ኋላ ቀርነት ሲታይ ያሳዝነኛል፤ ፍርዱ ትክክል አይደለምና። ጠቋሚ ሠሪው ጽሑፉን አንብቦ ነበር። በርዕሱ «ሳንሱር» የሚል ቃል የሌለው ጽሑፍ ስለ ሳንሱር እንደሚናገር ያውቅ ነበር፤ በሦስት የመድረክ ስሞች የተጠራችን አንዲት ዳንሰኛ በአንድ ስም ሥር ያሰባስብ ነበር። ድክመቱም ግልጽ ነው፤ ፖስታ የሚከፈተው ታዋቂ ለሆነ ሰው ነበር፤ በአንዲት የገጠር ከተማ ሲኒማ ፒያኖ የምትመታ ሴት ፖስታ አልነበራትም። ስለዚህ ይህ ዘመን ያወረሰን ጥልቀት ያለው ግን ለዝነኞች ያደላ መዝገብ ነው።

ሦስተኛው ወንፊት የቦታና የገንዘብ ጥያቄ ነው። ዩጂን ፓወር በ1938 በአን አርበር የማይክሮፊልም ድርጅቱን ሲያቋቁም፣ ኋላ «ፕሮኩዌስት» ለተባለው ተቋም መሠረት ጣለ። ማይክሮፊልም የሚፈረፈረውን የጋዜጣ ወረቀት ከጥፋት አድኗል፤ ለብዙ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ዋናውን ጥራዝ ለመጣል ምክንያት ሆኗል። ጸሐፊው ኒኮልሰን ቤከር በ2001 ባሳተመው «ደብል ፎልድ» በተባለ መጽሐፉ የተሟገተው ይህን ነው። የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት የአሜሪካ ጋዜጦችን ጥራዞች ለሽያጭ ባቀረበ ጊዜ፣ ቤከር ሊያድን የቻለውን ያህል ገዝቶ አስቀመጠ፤ ክምችቱም በኋላ ወደ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። ጉዳዩ ለመዝናኛው ታሪክ የተለየ ክብደት አለው። የፊልም ማስታወቂያ በቀለም፣ በስፋትና በአቀማመጥ ይናገራል፤ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ደብዝዞ የተነሣ ማይክሮፊልም ይህን ሁሉ ያጠፋል። የዛሬው ዲጂታል ገጽ ብዙ ጊዜ ከማይክሮፊልሙ የተቀዳ በመሆኑም፣ በዚያ ዘመን የጠፋ ፊደል ለዛሬው ፈላጊ እንደጠፋ ቀርቷል።

ቀጥሎ የመጣው በስልክ መስመር የሚጠየቅ ቋት ነው። በኦሃዮ ዴይተን ለጠበቆች የተሠራው «ሌክሲስ» በ1973 ከቀረበ በኋላ፣ ወንድሙ «ኔክሲስ» የጋዜጦችን ሙሉ ጽሑፍ ለፍለጋ አበቃ። ሙሉ ጽሑፍ ማለት ግን ፊደሉ ብቻ ነበር፤ ፎቶግራፉ፣ ማስታወቂያውና የገጹ አቀማመጥ አልነበሩም። ዜናው በፊት ገጽ በትልቅ ፊደል ወጣ ወይስ በሃያኛው ገጽ ጥግ ተወሸቀ የሚለው በዓይን አይታይም፤ ለታሪክ ጸሐፊ ግን ይህ ራሱ ማስረጃ ነው። ከዚያ የባሰ ክፍተት የፈጠረው የሕግ ጉዳይ ነበር። በጆናታን ታሲኒና በባልደረቦቹ ክስ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰኔ 2001 ሰባት ለሁለት በሆነ ድምፅ፣ አሳታሚዎች የነጻ ጸሐፊዎችን ሥራ ያለ ፈቃዳቸው በኤሌክትሮኒክ ቋት ማኖር እንደማይችሉ ወሰነ። ጸሐፊዎቹ መብታቸውን መጠየቃቸው ተገቢ ነበር። «ኒውዮርክ ታይምስ»ን የመሰሉ አሳታሚዎች የሰጡት መልስ ግን ጽሑፎቹን ከቋት ማውጣት ሆነ። በጋዜጣ የባህል ገጽ ላይ ሂስና ቃለ ምልልስ በብዛት የሚጽፉት ደግሞ ነጻ ጸሐፊዎች በመሆናቸው፣ ይህን የሕግ ታሪክ የማያውቅ ተመራማሪ የዘመኑን ሐያሲዎች ዝም ያሉ አድርጎ ሊቆጥራቸው ይችላል።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ያ ሁሉ አልፏል፣ አሁን የገጹ ምስልና እያንዳንዱ ቃል በአንድነት ይፈለጋሉ የሚል። በእርግጥም ፕሮኩዌስት ለቤተ መጻሕፍት የሚያቀርበው የመዝናኛ መጽሔቶች ክምችት ከ1880 እስከ 2000 ያለውን ዘመን ያካትታል። ዴቪድ ፒርስ የመሠረተውና በኋላ ኤሪክ ሆይት የመራው የመገናኛ ብዙኃን ታሪክ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ደግሞ የባለቤትነት መብታቸው ያበቃ የፊልምና የሬዲዮ መጽሔቶችን ለማንም ሰው በነጻ ከፍቷል፤ በ2013 ይፋ የሆነው «ላንተርን» የተባለው መፈለጊያው ገጾቹን በቃል ለመፈተሽ ያስችላል። ፖስታ ያልተከፈተላት የገጠር ፒያኖ ተጫዋች ዛሬ በአንድ መስመር ዜና ልትገኝ ትችላለች። ይህ ሊመሰገን የሚገባው ፍትሕ ነው፤ የእጅ ዘመኑን አድልዎ በከፊል አርሞታል። ነገር ግን ማሽኑ የሚያገኘው የተጻፈለትን ፊደል እንጂ ነገሩን አይደለም። «ቫራይቲ» በራሱ የሙያ ቋንቋ የሚታወቅ ጋዜጣ ነው፤ የካውቦይ ፊልምን በፈረስ መኖ ስም ይጠራዋል፣ ከሥራ የለቀቀን ሰው በቁርጭምጭሚት ይገልጸዋል። በተለመደው ቃል የሚፈልግ ሰው እነዚህን ዜናዎች አልፏቸው ይሄዳል።

ከቃልም በላይ የስም ጉዳይ አለ። «ሆሊውድ ሪፖርተር» በ1946 ክረምት በዊልከርሰን ዓምድ ኮሚኒስቶች ናቸው ያላቸውን ጸሐፊዎች በስም አወጣ፤ ዳልተን ትራምቦ አንዱ ነበር። ስቱዲዮዎች እንዲህ የተጠረጠሩትን ከሥራ ያገዱበት ጥቁር መዝገብ በ1947 ሲጸና ትራምቦ በራሱ ስም መሥራት ተከለከለ። «ዘ ብሬቭ ዋን» ለተባለው ፊልም የጻፈው ታሪክ በ1957 ኦስካር ሲሸለም የተጠራው ስም «ሮበርት ሪች» የሚል የሽፋን ስም ነበር፤ ሐውልቱ ለትራምቦ የተሰጠው በ1975 ነው። በእነዚያ ዓመታት ጋዜጦች ውስጥ ትራምቦን በስሙ ብቻ የፈለገ ሰው የተከሰሰውን ትራምቦን ያገኛል፤ የሚሠራውን ትራምቦን አያገኝም። ይህ የማሽን ስሕተት አይደለም፤ ማሽኑ የተሰጠውን በታማኝነት መልሷል። ስሙን ከገጹ ያስወጣው የኢንዱስትሪው ግፍ ነው፤ በዚያ ግፍ ከተሳተፉት አንዱ ደግሞ ዛሬ እንደ ምንጭ የምንጠይቀው ጋዜጣ ራሱ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ክፍተቱ በጊዜ ይሞላል የሚል ነው። የጥቁር አሜሪካውያን ፊልም ታሪክ ለዚህ ግማሽ መልስ ይሰጣል። ኦስካር ሚሾ በ1919 እና በ1920 ያወጣቸውን ፊልሞች ሕይወት ለመከታተል በነጮች የሙያ ጋዜጦች ላይ ብቻ መመሥረት አይበቃም፤ እንደ «ቺካጎ ዲፌንደር» ያሉ የጥቁሮች ጋዜጦችን መመርመር ግድ ይላል። «ቢልቦርድ» ራሱ ከ1920 እስከ 1925 ጄምስ ጃክሰን የሚያዘጋጀውን የጥቁር ከያንያን ገጽ ያትም ነበር፤ ገጹ ሲቆም የዜናው በር በዚያ መጽሔት ጠበበ። «ዲፌንደር» ዛሬ በዲጂታል መገኘቱ ክፍተት ሊሞላ እንደሚችል ያሳያል። የሚሞላው ግን ክፍተት መኖሩን አስቀድሞ ያወቀ ሰው ሲጠይቅ፣ ወረቀቱም ሳይጣል ከቆየ ነው። የታሲኒ ጉዳይ ደግሞ ቋት በጊዜ ሂደት ሊጎድልም እንደሚችል አሳይቷል።

ይህ ክርክር ለአማርኛ አንባቢ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። የቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮ ያሳያቸውን ተውኔቶችና የኦርኬስትራዎቹን ዘመን ለሚያጠና ሰው ዋና ምንጮቹ እንደ «አዲስ ዘመን» ያሉ ጋዜጦች ናቸው። «አዲስ ዘመን» ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ድምፅ ስለነበር የራሱ ወንፊት አለው። በአማርኛ ደግሞ ፍለጋው ሌላ ችግር ይገጥመዋል። «ቴአትር»፣ «ቲያትር» እና «ትያትር»፣ «አገር ፍቅር» እና «ሀገር ፍቅር»፣ «ገሠሠ» እና «ገሰሰ» ለአንባቢ አንድ ሲሆኑ ለማሽን የተለያዩ ናቸው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ሥርዓት የተካተተው በ1999 በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት በየድርጅቱ የፊደል ቅርጽ በኮምፒዩተር የተለቀሙ ጽሑፎች ፋይላቸው ቢገኝ እንኳ ሳይቀየሩ አይፈለጉም። በውጭ አገር ቤተ መጻሕፍት የጥላሁን ገሠሠ ስም በእንግሊዝኛ አንድ ዓይነት፣ በፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ አልበሞች ላይ ሌላ ዓይነት ሆኖ ተጽፏል፤ የአባት ስምን እንደ ቤተሰብ ስም የሚቆጥር ማውጫም ዘፋኙን በአባቱ ስም ሥር ያስቀምጠዋል። በዲያስፖራ የሚያጠኑ ልጆቻችን የአገራቸውን የመድረክ ታሪክ በእነዚህ ቋቶች አጥተው «አልተጻፈም» ብለው ቢደመድሙ ጥፋቱ የእነርሱ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ የጋዜጦቻችንን ገጽ ወደ ዲጂታል የሚቀይር ተቋም ፎቶ አንሥቶ መልቀቅን የሥራው ፍጻሜ አድርጎ ሊያየው አይገባም። ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት የሚያዛምድ ፍለጋ፣ የአንድን ከያኒ ስሞች ሁሉ በአንድነት የሚያሰባስብ ማውጫ፣ የትኛው ዓመትና የትኛው እትም እንደጎደለ በግልጽ የሚናገር ዝርዝር ያስፈልገዋል፤ ዋናው ወረቀትም ከተነሣ በኋላ መጠበቅ አለበት። በ1941 በታተመው የፊልም ጠቋሚ ጥራዝ ላይ የደከሙት ሥራ አጥ ጸሐፊዎች የሠሩት የንባብ ሥራ ዛሬም ደመወዝና ክብር የሚገባው ሙያ ነው። ተመራማሪው በበኩሉ ከውጤቱ ብዛት በፊት የቋቱን ድንበር ይጠይቅ፤ የትኞቹ ጋዜጦች አሉ፣ ከየት እስከ የት፣ ከወረቀት ተነሡ ወይስ ከማይክሮፊልም፣ የተወገደ አለ ወይ? እነዚህን ጠይቆ የተገኘ ባዶ ውጤት ትርጉም ይኖረዋል፤ ሳይጠየቁ የተገኘ ሺህ ውጤት ግን ቀድሞ ዝነኛ የነበረውን እንደገና ከማንገሥ አያልፍም።