ከጀበል አል-ሁሴን ወደ አዲስ አበባ

እንግዲህ ስሙኝ። ዘመኑ 1991 ዓ.ም. ነው። ቦታው አማን፣ ጀበል አል-ሁሴን። ጋሼ የምንላቸው አንድ ሰው ልጃቸውን አዲስ አበባ ትተው ለሥራ መጥተው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተከራይተው ይኖራሉ። ስልክ ደመወዝ ይበላል፣ ደብዳቤ ሳምንታት ይፈጃል። ኢንተርኔት ግን በአገራችን ከ1989 ዓ.ም. ጥር ጀምሮ በቴሌ በኩል ተከፍቷል፤ ዮርዳኖስም ከኛ ትንሽ ቀደም ብላ ለሕዝብ ማቅረብ ጀምራለች። ልጅቱ የኢሜል አድራሻ አላት። ጋሼ ኮምፒውተር የላቸውም፤ ያለቻቸው ከደረት ኪስ የምትገባ ፓልም ሦስት የምትባል የእጅ መሣሪያ ናት፤ 2 ሜጋባይት ማኅደረ ትውስታ ያላት፣ በሁለት ቀጫጭን የባትሪ ድንጋይ የምትሠራ።

«ይቺ ፓልም የስልክ መስመር ላይ ትገባለች አሉኝ። አንተ ልጅ፣ ና እስቲ እንያት» አሉኝ። ሄድኩ።

ጠረጴዛው ላይ አንድ አሮጌ የውጭ ሞደም (መልእክትን በስልክ መስመር የሚያስተላልፍ ሳጥን) እና የፓልሟ ማስቀመጫ ከነገመዱ ተዘርግተዋል። የገመዱ ጫፍ ባለ 9 ቀዳዳ፣ የሞደሙ ጀርባ ባለ 25 ቀዳዳ፤ ሁለቱም ሴት ስለሆኑ አይገጥሙም። ጋርደንስ ከሚሉት ጎዳና አገናኝ ገዝተው መጡና ገጠምን። በፓልሟ ላይ የጫንነውን የተርሚናል ፕሮግራም ከፍቼ «ኤቲ» ብዬ ጻፍኩ። ሞደሙ «ኦኬ» ብሎ መመለስ ነበረበት። ዝም።

እዚህ ላይ ጊዜ ልውሰድ፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ነውና። ያ ገመድ የተሠራው ፓልሟን ከኮምፒውተር ጋር ለማገናኘት ነው። ኮምፒውተር በአንዱ ሽቦ ይናገራል፣ በሌላው ይሰማል፤ ገመዱ ለዚያ እንዲመች ተደርጎ ተሸምኗል። ሞደምም የተሠራው ከኮምፒውተር ጋር እንዲነጋገር ነው። ፓልሟንና ሞደሙን በዚህ ገመድ ፊት ለፊት ስታገናኟቸው በአንዱ ሽቦ ሁለቱም ይናገራሉ፣ በሌላው ሁለቱም ጆሮ ይሰጣሉ። መድኃኒቱ ሽቦዎቹን የሚያጠላልፍ አገናኝ ነው፤ ናል ሞደም ይሉታል። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ብቻ የሚያጠላልፈውን ርካሹን ግን አትግዙ። ፓልሟ ለሞደሙ በሴኮንድ 57,600 ቢት ታቀብላለች፣ የስልኩ መስመር ደግሞ ቢበዛ 33,600 ነው የሚሸከመው፤ ስለዚህ ሞደሙ «ቆይ» የሚልባቸው ሽቦዎችም መጠላለፍ አለባቸው። አለዚያ አጭር መልእክት ያልፋል፣ ረጅሙ መሐል ላይ ይቆረጣል።

ጋሼ በማግስቱ ትክክለኛውን አመጡ። «ኤቲ» አልኩ። «ኦኬ» አለ። ጋሼ ከወንበራቸው ተነሡ!

ይህ በ«ኤቲ» የሚጀምር የትእዛዝ ቋንቋ ዴኒስ ሄይስ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1981 በሴኮንድ 300 ቢት ብቻ ለሚያስተላልፈው ስማርትሞደም ያወጣው ነው፤ ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላም ያው ነበር። በፓልሟ የሞደም ማስተካከያ ውስጥ ፍጥነቱን መረጥን፣ የፍሰት መቆጣጠሪያውን ከፈትን፣ ድምፁንም እንድንሰማው ለቀቅነው። የኢንተርኔት አቅራቢው ስልክ ቁጥር፣ የጋሼ መለያ ስም፣ የይለፍ ቃሉ ገባ። «ኮኔክት» የምትለዋን ነካሁ፤ «መደወያ ድምፅ የለም» የሚል መልእክት መጣ። የስልኩን እጀታ አንሥተን ብናዳምጥ ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል።

ሞደሙ ለአሜሪካ የስልክ መስመር የተበጀ ነው። እዚያ መስመር ሲከፈት የሚሰማው 350 እና 440 ኸርዝ ባንድ ላይ ነው፤ በብዙ አገር ግን በ425 ኸርዝ አካባቢ አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ሞደሙ የሚያውቀውን ካልሰማ አይደውልም። በማስጀመሪያው ትእዛዝ ውስጥ ኤክስ 4 የሚለውን ፍቀን ኤክስ 3 ጻፍን፤ ድምፁን ሳትጠብቅ ደውል ማለት ነው።

ደወለ። አፏጨ፣ አንሿሿ፣ ጸጥ አለ፤ ፊቱ ላይ ያለችው የመስመር መብራት በራች።

ደብዳቤው በላቲን ፊደል ነበር። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በዚያው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ፓልሟ ጋ አልደረሰም። በብዕር ምትክ ከፓልሟ ጋር በመጣችው ዘንግ ጋሼ «ሰላም ልጄ» ብለው ጀመሩ። ፓልሟ «ኤ» የምትለዋን ፊደል የምታውቀው መሐሏ ሳይሰመር ነው፤ ጋሼ መስመሯን ሊጨምሩ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ። «ፊደሏን ጎዶሎ አድርገህ አስጻፍከኝ» አሉኝ፤ ግን ጻፉ፣ ሄደም። ወዲያው ዘጋን፤ ስልኩ በደቂቃ ይቆጥራል፣ የፓልሟ የገመድ መስመር ክፍት ሆኖ ሲቆይም የባትሪ ድንጋዩን ይጨርሳል።

በሦስተኛው ቀን ብቻቸውን ደወሉና ጠሩኝ። «ተይዟል ይለኛል፤ ተበላሸ እንዴ?» አልተበላሸም። ኤክስ 0 ብንጽፍ ኖሮ መስመሩ መያዙን አይነግራቸውም፣ ዝም ብሎ ይጠብቅ ነበር፤ ኤክስ 3 ግን የመደወያውን ድምፅ ትቶ የተያዘውን ይለያል። «ጥቂት ቆይተው ይድገሙት፣ ጋሼ» አልኳቸው። ደገሙት፤ የልጅቱ መልስ ወረደ።